የአሮጌው ፒክአፕ ማርሚታ፤ በቤት ግቢ የሚለወጠውና የማይነካው

በካሊፎርኒያ ግዛት ሚልፒታስ ከተማ የሚገኘው «ግሬት ሞል» ለጎብኚው የልብስና የጫማ መደብሮች የተደረደሩበት ሰፊ የገበያ አዳራሽ ነው። ሕንፃው ግን መጀመሪያ የተሠራው ለገበያ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1983 ድረስ የፎርድ ኩባንያ የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ ነበር። ሙስታንግ የተባሉት የቤት መኪናዎችና ፒክአፕ የጭነት መኪናዎች ከዚሁ በር ወጥተዋል። ፋብሪካው የቆመው በሚልፒታስ ቢሆንም የሚጠራው በአጎራባቹ ከተማ በሳን ሆዜ ስም ነበር። በ1970ዎቹ የተሠራ የፎርድ ፒክአፕ ያለው ሰው የሻንሲ ቁጥሩን ቢመለከትና አምስተኛው ምልክት «አር» የተባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ቢሆን፣ መኪናው የተገጣጠመው እዚሁ ሚልፒታስ መሆኑን ያውቃል።

ከእነዚያ መኪናዎች ዛሬም በአካባቢው መንገዶች የሚታዩ አሉ። ሞተራቸው ቀላልና ጠንካራ በመሆኑ ባለቤቶቻቸው በቤታቸው ግቢ እየጠገኑ ያቆዩአቸዋል። ከሞተሩ ቀድሞ የሚያረጀው ግን ከወለሉ ሥር የተዘረጋው የጭስ ማውጫ ነው። ይህ ቧንቧ ሲበሳና ሲጮኽ ባለቤቱ በፊቱ ሁለት ሐሳብ ይመጣበታል፤ አንደኛው እንደነበረው መጠገን፣ ሁለተኛው «እግረ መንገዴን ለምን አላሻሽለውም?» የሚል ነው። ሁለተኛው ሐሳብ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የሞተሩን አሠራር፣ የነዋሪውን ጤናና የግዛቲቱን ሕግ በአንድ ጊዜ የሚነካ በመሆኑ፣ መፍቻ ከማንሳት በፊት ሊታወቅ የሚገባው ብዙ ነገር አለ።

ድስት የተባለው ዕቃ

ኢትዮጵያውያን መካኒኮች የጭስ ማውጫውን የድምፅ ማፈኛ «ማርሚታ» ይሉታል። ቃሉ የጣሊያንኛ ሲሆን በመጀመሪያ ትርጉሙ ድስት ማለት ነው። ስያሜው ቅርጹን ያሳያል፤ ሥራውን ግን አይገልጽም። ጭሱ ከሞተር እስከ መኪናው ጅራት በሚያደርገው ጉዞ የሚያልፍባቸው ክፍሎች በርካታ ናቸው። መጀመሪያ ከየሲሊንደሩ የሚወጣውን ጭስ የሚቀበለው ማኒፎልድ አለ። ከዚያ ወደ ታች የሚወርደው ቧንቧ ይከተላል። ቀጥሎ መርዛማ ጋዞችን የሚለውጠው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ይመጣል። ማርሚታው የሚገኘው ከእርሱ በኋላ ነው፤ በመጨረሻም ጭሱን ከመኪናው አካል ውጭ የሚያደርሰው ጅራት ቧንቧ አለ።

ጭሱ በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ እንደ ወንዝ ውኃ ሳይቋረጥ አይፈስም፤ እንደ ልብ ትርታ እየመታ ይወጣል። በደቂቃ 2,000 ዙር የሚዞር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር በእያንዳንዱ ሴኮንድ 100 ጊዜ ጭስ ይተፋል። እያንዳንዱ ትርታ የግፊት ሞገድ ነው፤ ጆሮ የሚሰማውም ድምፅ ይኸው ሞገድ ነው። ማርሚታው ይህን ሞገድ የሚያዳክመው በሁለት መንገድ ነው። አንዳንዱ ማርሚታ በውስጡ ባሉት ክፍሎችና ግድግዳዎች ሞገዱን እያንጸባረቀ እርስ በርሱ እንዲጣፋ ያደርጋል። ሌላው ደግሞ ቀዳዳ ባለው ቧንቧ ዙሪያ በታጨቀ የመስታወት ጭረት የድምፁን ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጣል። የመጀመሪያው ዓይነት ጸጥተኛ ሆኖ የጭሱን መንገድ ያጣብባል፤ ሁለተኛው መንገዱን ከፍቶ ድምፁን በከፊል ይለቃል።

ጩኸትና ጉልበት

በመካኒኮች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ አባባል አለ፤ «ሞተር የኋላ ግፊት ያስፈልገዋል» የሚል ነው። አባባሉ ከፊሉ ትክክል፣ ከፊሉ ስሕተት ነው። ፒስተኑ ጭሱን ሲገፋ ከፊቱ የሚጠብቀው ተቃውሞ ሁሉ ጉልበት ይበላል፤ ስለዚህ የኋላ ግፊት በራሱ ጥቅም የለውም። ሞተሩ የሚጠቀመው ከጭሱ ፍጥነት ነው። በፍጥነት የሚሮጥ ትርታ ከኋላው ዝቅተኛ ግፊት ያለበት ክፍተት ትቶ ይሄዳል። ይህ ክፍተት የሚቀጥለውን ጭስ ከሲሊንደሩ እየሳበ ያወጣል፤ ለአዲሱ የአየርና የቤንዚን ድብልቅም ቦታ ያመቻቻል።

ቧንቧው ከልክ በላይ ሲሰፋ ጭሱ ይዘገያል፤ ስበቱም ይደክማል። ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ ፒክአፕ የሚሠራው በአብዛኛው በዝቅተኛ ዙር ስለሆነ ጉዳቱ በእርሱ ላይ ጎልቶ ይታያል። የቧንቧውን ስፋት አብዝቶ የጨመረ ሰው ጆሮው የሚያገሳ መኪና ይሰማል፤ እግሩ ግን የነዳጅ መርገጫውን ከቀድሞው ይልቅ አጥብቆ ሲረግጥ ያገኘዋል። ምንም ሌላ ለውጥ ላልተደረገበት አሮጌ ሞተር ከፋብሪካው ልክ ያልራቀ፣ ውስጡ ያልተጣመመና ያልጠበበ ቧንቧ በቂ ነው። የሚገኘው ተጨማሪ ጉልበትም ትንሽ ነው።

የ1975 ድንበር

የጭስ ማውጫው ጉዳይ የባለቤቱ ብቻ መሆኑ የቀረው በሎስ አንጀለስ ሰማይ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1943 ከተማዋን ዓይን የሚያቃጥል ጉም ሸፈናት። ምንጩ ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምሩ የነበሩት የኔዘርላንድስ ተወላጅ የኬሚስትሪ ሊቅ አሪ ሃገን-ስሚት ነገሩን ፈቱት። ከመኪናና ከነዳጅ ማጣሪያ የሚወጡት ሃይድሮካርቦኖችና የናይትሮጅን ኦክሳይዶች በፀሐይ ብርሃን ሲዋሃዱ ኦዞን እንደሚፈጥሩ፣ ጉሙም የዚህ ውጤት እንደሆነ አሳዩ። በ1967 የካሊፎርኒያ አየር ሀብት ቦርድ ሲቋቋም የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሆኑ።

ሚልፒታስም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። ከተማዋ የምትገኝበት የሳንታ ክላራ ሸለቆ በተራሮች የተከበበ በመሆኑ ነፋስ በሌለበት ሞቃት ቀን የተበከለ አየር ይታቆርበታል። የባሕረ ሰላጤውን አካባቢ አየር የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት የተመሠረተው በ1955 ነው፤ የፎርድ ፋብሪካ ሚልፒታስ ውስጥ ሥራ በጀመረበት በዚያው ዓመት ማለት ነው።

ካታሊቲክ ኮንቨርተር በአሜሪካ መኪናዎች ላይ በስፋት የመጣው በ1975 ሞዴሎች ነው። በውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሸክላ አለ፤ የሸክላው ገጽ እንደ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ባሉ ውድ ማዕድናት ስስ ሽፋን ተለብጧል። እነዚህ ማዕድናት ራሳቸው ሳያልቁ ኬሚካዊ ለውጡን ያፋጥናሉ። የመጀመሪያዎቹ ኮንቨርተሮች ካርቦን ሞኖክሳይድን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ያልተቃጠለ ቤንዚንን ደግሞ ወደ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጡ ነበር። በኋላ የመጡት ባለ ሦስት ተግባር ኮንቨርተሮች የናይትሮጅን ኦክሳይዶችንም ወደ ተራ ናይትሮጅን ይመልሳሉ። ለዚህ ግን አንድ እጅ ቤንዚን ከ14.7 እጅ አየር ጋር በክብደት ተመጣጥኖ መቃጠል ይኖርበታል። ይህን ሚዛን የሚጠብቀው ቧንቧው ላይ የሚሰካው የኦክስጅን ጠቋሚ ነው።

ፎርድ ታዋቂውን ኤፍ-150 ያወጣው በዚሁ በ1975 መሆኑ ያለ ምክንያት አልነበረም። በጊዜው ጥብቁ ደንብ የሚመለከተው ከነጭነቱ እስከ 6,000 ፓውንድ፣ ማለትም እስከ 2,700 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነውን ቀላል መኪና ነበር። ኤፍ-150 ከዚያ ወሰን በጥቂቱ እንዲያልፍ ተደርጎ ተሠራ። ስለዚህ በአንድ ዓመት የተሠሩ ሁለት ተመሳሳይ ፒክአፖች አንዱ ኮንቨርተር ኖሮት ሌላው ሳይኖረው ሊገኝ ይችላል። ባለቤቱ የመኪናውን ዓመት ብቻ ሳይሆን በሞተር ክፍሉ ውስጥ የተለጠፈውን የልቀት መግለጫ ጽሑፍ ማንበብ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ምን ይፈቀዳል?

በካሊፎርኒያ በ1975 እና ከዚያ በፊት የተሠሩ የቤንዚን መኪናዎች በየሁለት ዓመቱ ከሚደረገው «ስሞግ ቼክ» ከተባለው የጭስ ፍተሻ ነፃ ናቸው። ከፍተሻ ነፃ መሆን ግን መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የወጣውን የልቀት መቀነሻ ለመንቀል ፈቃድ አይደለም። የግዛቲቱ የተሽከርካሪ ሕግ ይህን ይከለክላል፤ የፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግም በ1990 ከተሻሻለ ወዲህ ክልከላው ጋራዦችን ብቻ ሳይሆን ማንኛውንም ግለሰብ ይመለከታል። በራስ ግቢ፣ በራስ መፍቻ መሥራት ከዚህ አያድንም።

ከ1976 እስከ 1999 የተሠሩ መኪናዎች ደግሞ በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ፍተሻውን የሚያልፉት በሚሽከረከር መድረክ ላይ ቆመው፣ ጎማቸው እየዞረ፣ ጭሳቸው እየተለካ ነው። ከመለኪያው በፊት መርማሪው ክፍሎቹን በዓይኑ ይመረምራል። የጎደለ ወይም ያልተፈቀደ ዕቃ ካገኘ ጭሱ ንጹሕ ቢሆን እንኳ መኪናው ይወድቃል። የተበላሸ ኮንቨርተር የሚተካው ቦርዱ ባጸደቀውና የፈቃድ ቁጥር በተቀረጸበት አዲስ ዕቃ ብቻ ነው፤ ከሌላ መኪና የተነቀለ አሮጌ ኮንቨርተር መግጠም በግዛቲቱ ክልክል ነው። ፋብሪካው ከሠራው ማኒፎልድ ይልቅ በረጃጅም ቧንቧዎች የተሠራ መተኪያ ለመግጠም የሚሻም የፈቃድ ቁጥሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

እንግዲህ ለባለቤቱ የተተወው ሰፊ ቦታ ከኮንቨርተሩ በኋላ ያለው ነው። ማርሚታውን መለወጥ፣ የዛገውን ቧንቧ በአዲስ መተካት፣ ማንጠልጠያዎቹን ማደስ፣ የጅራቱን አቅጣጫ ማስተካከል የተፈቀዱ ሥራዎች ናቸው። በዚህም ቢሆን የድምፅ ወሰን አለ፤ ከ6,000 ፓውንድ በታች ለሆኑ መኪናዎች 95 ዴሲቤል ነው። ዴሲቤል እንደ ሜትር በእኩል ደረጃ የሚቆጠር አይደለም፤ በ10 ሲጨምር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከወሰኑ «በጥቂቱ» ማለፍ ለጎረቤት ጥቂት አይደለም።

ከመኪናው ሥር

ሥራው የሚጀምረው ቧንቧው ለምን እንደተበሳ በማወቅ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውኃ ይፈጠራል። መኪናው ሩቅ ሲሄድ ውኃው በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ከቤት እስከ ገበያ ብቻ የሚመላለስ መኪና ግን ቧንቧው ሳይሞቅ ስለሚቆም ውኃው በማርሚታው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ብረቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል። ለዚህ ዓይነት አጠቃቀም ከተራ ብረት ይልቅ በአሉሚኒየም የተለበጠ ወይም የማይዝግ ብረት መምረጥ ዕድሜን ያረዝማል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሰው ደኅንነት ነው። መኪናው በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ማንም ከሥሩ መግባት የለበትም፤ ክብደቱ በጠንካራ የብረት መደገፊያዎች ላይ ማረፍ፣ መሬቱም ጠፍጣፋና ጠንካራ መሆን አለበት። የዛጉ ብሎኖች በዘይት ርሰው ማደር ይገባቸዋል፤ በጉልበት የተሰበረ የማኒፎልድ ብሎን የአንድ ሰዓቱን ሥራ የሳምንት ያደርገዋል። በአሮጌ መኪናዎች የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል በደረቁ መፋቅ ሳንባን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ዚንክ የተለበጠ የውኃ ቧንቧ ለጭስ ማውጫ አይሆንም፤ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያስከትላል። ብየዳ የማይችል ሰው ቧንቧዎቹን በማጥበቂያ ቀለበት ማያያዝ ይችላል። የሚበይድ ደግሞ አስቀድሞ ባትሪውን ይፍታ፣ ከነዳጅ ታንኩና ከነዳጅ መስመሩ ይራቅ፣ የእሳት ማጥፊያም በእጁ ይያዝ።

ከሁሉም የሚከፋው ጠላት የማይታየው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ጥንካሬ ይይዘዋል። ስለዚህ ሞተሩን በጋራዥ ውስጥ፣ በሩ ተከፍቶም ቢሆን፣ አስነሥቶ መፈተሽ አይገባም። የጅራቱ ቧንቧም ከጋቢናው ሥር መቅረት የለበትም። ለድምፅ ሲሉ ማርሚታውን ነቅለው ቧንቧውን ከወንበር ሥር የሚቆርጡ ሰዎች፣ ያረጀው ወለል በዝገት ሲበሳ ጋዙን ወደ ራሳቸውና ወደ ልጆቻቸው ይጋብዛሉ።

መጋጠሚያዎቹ አየር እንዳያስገቡ ማረጋገጥም የጩኸት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከኦክስጅን ጠቋሚው በፊት ያለ ቀዳዳ የውጭ አየር ሲያስገባ፣ መቆጣጠሪያው ነዳጁ ያነሰ መስሎት ተጨማሪ ቤንዚን ያዛል። ፍጆታው ይጨምራል፤ ትርፉ ቤንዚን በኮንቨርተሩ ውስጥ ሲቃጠል ሸክላው እስኪቀልጥ ሊግል ይችላል። የጋለ ኮንቨርተር ያለው መኪና በካሊፎርኒያ ኮረብታ በደረቀ ሣር ላይ ቢቆም እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ፍተሻው ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ ቢደረግ ይሻላል። በጅራቱ በኩል አየር በመንፊያ እየተነፋ በመጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውኃ ሲረጭ፣ አረፋ የሠራው ቦታ የሚያስገባው ቦታ ነው።

ከፍታና ነዳጅ

ጠቋሚ በሌላቸው ባለ ካርቡሬተር ሞተሮች የቧንቧው ለውጥ የነዳጁን ሚዛን ሊያዛባ ስለሚችል ካርቡሬተሩ ዳግመኛ መስተካከል አለበት። ይህ ማስተካከያ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሚልፒታስ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አትልም፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊትም በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። በሚልፒታስ የተስተካከለ ካርቡሬተር አዲስ አበባ ቢደርስ ለተመሳሳይ ቤንዚን የሚያገኘው ኦክስጅን ያነሰ ነው። ውጤቱ ጥቁር ጭስና ብዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል።

ኮንቨርተር በአፍሪካ ለረጅም ጊዜ ጥቅም ሳይሰጥ የቆየበት ሌላም ምክንያት ነበር። በቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ ውድ ማዕድናቱን ሸፍኖ ያመክናቸዋል። ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን እ.ኤ.አ. በ2006 መባቻ አቁመዋል፤ በዓለም የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ በ2021 አቆመች። ስለዚህ ዛሬ በኢትዮጵያ ኮንቨርተርን «ለእኛ ነዳጅ አይሆንም» ብሎ መንቀል መሠረት የለውም። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን ቢያስታውቅም፣ በመንገድ ላይ ያሉት የነዳጅ መኪናዎች ገና ለብዙ ዓመታት ይሠራሉ። የከተማው አየር በእነርሱ ቧንቧ ጤንነት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

በሚልፒታስ የ1978 ፒክአፑን ማርሚታ በገዛ እጁ የለወጠ ሰው ከዓመታዊው ቦሎ ጋር የሚመሳሰለው ፈተና ይጠብቀዋል። መኪናው በመድረኩ ላይ በሰዓት በ24 እና በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሮጥ መሣሪያው ሦስት ነገሮችን ይለካል፤ ሃይድሮካርቦን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ናይትሪክ ኦክሳይድ። የቧንቧው ማማርም ሆነ የሞተሩ ማግሳት በወረቀቱ ላይ አይጻፍም። ከኮንቨርተሩ ፊት ያለውን ሳይነካ፣ ከኋላው ያለውን በልኩ የሠራ ባለቤት ግን ውጤቱን ሲቀበል ሦስቱም ቁጥሮች ከወሰኑ በታች ሆነው ያገኛቸዋል ብሎ ተስፋ ለማድረግ በቂ ምክንያት አለው።